መቅደላ ድረስ የተጎተተው ሰባት ቶን

 ዛሬ ስለ ዓሊም ሳይሆን ስለ ንጉሥ ላወጋችሁ ነው፤ ያውም ለእኛ ለወሎዎች ስሙ ከደም ጋር ስለሚነሳው ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ።

ቋራ ላይ ካሳ ኃይሉ ሆኖ አደገ፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም ነገሠ፣ ብዙም ሳይቆይ ወሎ ዘምቶ መቅደላን ያዘ። በ1857 ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ወደ ወሎዋ ወርቂት ሲደርስ አሳለፈችው፤ ቴዎድሮስም በእስር የያዘውን ልጇን ገደለባት። ይህን አልሸፍንላችሁም። ግን ከሕይወቱ ብዙ ጊዜ የምንዘለው ሌላ ነገር አለ፦ ከእሳትና ከብረት ጋር የታገለው ትግል።

ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚስዮናውያንን ሰብስቦ መድፍ ሥሩልኝ አለ። ባለ እጆች ነበሩ፤ መድፍ ማቅለጥ ግን ሙያቸው አልነበረም። እምቢታ አልተቀበለም። መጀመሪያ ከሸፈ።

ችግሩን አስቡት። መዳብ የሚቀልጠው 1085 ዲግሪ ላይ ነው፤ ቆርቆሮ የሚባለው ማዕድን ሲቀላቀልበት ከ1000 በታች ይወርዳል። ያንን ሙቀት የሚችል ጡብ ከሌለ ምድጃው ራሱ ይፈርሳል። ወናፉ ከደከመ ቅላጩ ቅርጹን ሳይሞላ ይረጋል። ቅርጹ ውስጥ እርጥበት ከቀረ ደግሞ እንፋሎቱ ነሐሱን ወንፊት ያደርገዋል። እኛ ዩኒቨርሲቲ ይህን ከሰንጠረዥ ነው ያነበብነው፤ እነሱ በክስረት ተማሩት። ንጉሡም ሲሳካላቸው ሸለማቸው። እኛ ግን ዛሬም ቀጥቃጩን ቡዳ ብለን ልጃችንን የምንነፍገው ስንቶች ነን?

በመጨረሻ ሴባስቶፖል ወጣ፤ ሰባት ቶን ገደማ። በ1860 መጀመሪያ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥሎ መድፉን በጋሪ ወደ መቅደላ አስጎተተ።

እናንተ የከላላ ሰዎች ገደል ታውቃላችሁና እናስላው። በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር በሚነሳ ዳገት 7000 ኪሎ ወደ ኋላ የሚስበው በ700 ኪሎ ነው። አንድ ሰው ሳያቋርጥ 20 ኪሎ ቢስብ 35 ሰው ይበቃል ትላላችሁ። አይበቃም። የመንኮራኩሩ ፍትጊያ አለ፣ ጭቃው አለ፣ ጠመዝማዛው አለ። ስለዚህ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጎተቱት። ቁልቁለቱ ደግሞ ይብሳል፤ ጂዳና በሽሎ ላይ ገመዱ ከተበጠሰ ሰውም መድፍም ገደል ነው። መንገዱን ሲጠርጉ ንጉሡ ራሱ ድንጋይ ያነሳ ነበር። ስድስት ወር ገደማ ፈጀ፤ መጋቢት ላይ ደረሱ።

የታሰሩበትን ሰዎች ለማስፈታት የመጣው የእንግሊዝ ጦር ትናንሽ መድፎቹን በበቅሎ፣ ከባዶቹን በዝሆን ጭኖ ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን አሮጌ ላይ ተገጣጠሙ። ዕለቱ ጁምዓ ነበር። ከቴዎድሮስ ትላልቅ መድፎች አንዱ በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ፤ የባሩዱ ግፊት ከነሐሱ አቅም ሲበልጥ የሚሆነው ይኸው ነው። ያን ሁሉ ላብ የጠጣው ሴባስቶፖልም ለውጊያው አልጠቀመም። ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ ከሀበሻ ወገን ሰባት መቶ ያህል ሰው አለቀ።

ሰኞ ሚያዝያ 6 ቴዎድሮስ በገዛ ሽጉጡ ሞተ። እንግሊዞቹ ኪታቡንና ዘውዱን ጭነው ሄዱ። ሴባስቶፖል ግን እዚያው መቅደላ ላይ ቀረ፤ አምሳያውን አዲስ አበባ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ ታገኙታላችሁ።