ትራክተርንና ማረሻን ያዋሐደው መካኒክ

ከትራክተር ኋላ ቆሞ መሣሪያው የሚታሰርበትን ቦታ ያስተዋለ ሰው ሦስት ክንዶችን ያያል። ሁለቱ ከታች በግራና በቀኝ፣ አንዱ ከላይ በመካከል ናቸው። ማረሻ ይሁን መከስከሻ፣ መዝሪያ ይሁን መኮትኮቻ፣ በልዩ ልዩ አገሮች የሚሠሩት የእርሻ ትራክተሮች አብዛኞቹ መሣሪያቸውን የሚሸከሙት በእነዚሁ ሦስት ክንዶች ነው። ይህን አሠራር ለሥራ ያበቃው ሃሪ ፈርጉሰን የተባለ የአየርላንድ ገበሬ ልጅ ሲሆን፣ ስሙ በማሴይ ፈርጉሰን ትራክተሮች ላይ ስለቀረ በአገራችንም ሾፌሮችና መካኒኮች ዘንድ እንግዳ አይደለም። ሰውየው የሚታወሰው በፋብሪካ ባለቤትነቱ ቢሆንም ኑሮውን የጀመረው ግን የሰው ዕቃ በመጠገን ነበር። የእጁ ሥራ የሆነው ትንሹ ግራጫ ትራክተር ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ እስከ ዛሬ ተፈትቶና ተጠግኖ እንደገና እርሻ ላይ መውጣት የሚችለውም ከዚሁ የጥገና ዐይን የተነሣ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሃሪ ፈርጉሰን ኖቬምበር 4 ቀን 1884 ዓ.ም. በሰሜን አየርላንድ፣ በዳውን ግዛት፣ በድሮሞር ከተማ አጠገብ በምትገኘው ግሮዌል በተባለች የገጠር መንደር ተወለደ። ቤተሰቡ አሥራ አንድ ልጆች ያፈራ የገበሬ ቤተሰብ ነበር። ልጁ በአባቱ እርሻ ላይ ለጥቂት ዓመታት ቢሠራም ሥራው አልተስማማውም። ወደ ካናዳ ለመሰደድ በማሰብ ላይ ሳለ ታላቅ ወንድሙ ጆ በቤልፋስት ከተማ የቢስክሌትና የመኪና መጠገኛ ጋራዥ ስለከፈተ በ1902 ዓ.ም. እርሱ ዘንድ ሙያ ለመማር ገባ። እምቢ ያለ ሞተር አስተካክሎ ማስነሣት እንደሚሆንለት ወዲያውኑ ታወቀ። ቀጥሎም በሞተር ሳይክል እሽቅድድም ተካፈለ። ከዚያ አልፎ በራሱ ዕቅድ አውሮፕላን ሠርቶ ዲሴምበር 31 ቀን 1909 ዓ.ም. 120 ሜትር ያህል በረረ። በአየርላንድ ምድር በሞተር ኀይል ሲበረር የመጀመሪያው ይህ ነበር። አውሮፕላኑን ግን ብዙም አልገፋበትም።

በ1911 ዓ.ም. በቤልፋስት የራሱን ጋራዥ አቋቋመ። በዚያም ዊሊ ሳንድስ የተባለ ብልህ መካኒክ አብሮት ይሠራ ነበር። በኋላ በፈርጉሰን ስም ከታወቁት ፈጠራዎች ብዙዎቹ የሳንድስ እጅና ሐሳብ ያለባቸው ስለሆኑ ይህን ሰው ሳያነሡ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። ጋራዡ ከመኪና ሌላ ከአሜሪካ የሚመጡ ትራክተሮችን ይሸጥ ጀመር።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም ወደ ብሪታንያ እህል የሚጭኑት መርከቦች በጠላት ባሕር ሰርጓጅ እየሰመጡ ስላስቸገሩ አገሪቱ መሬቷን ሁሉ ለማረስ ተገደደች። በ1917 ዓ.ም. የአየርላንድ የእርሻ ቦርድ ፈርጉሰንን በአገሪቱ ውስጥ የሚገኙት ትራክተሮች እንዴት እንደሚሠሩ ተመልክቶ አያያዛቸውን እንዲያሻሽል ኀላፊነት ሰጠው። እርሱና ሳንድስ ከወረዳ ወረዳ እየተዘዋወሩ ለገበሬዎች አሳዩ፤ የሚታረሰውንም ተመለከቱ። ያዩት ነገር የሚያስደስት አልነበረም። ማረሻው ለፈረስ በሚሆን ዐይነት በሰንሰለት ወይም በመንጠቆ የሚጎተት ከባድ ብረት ነበር። የማረሻው ጥልቀት ለትራክተሩ ኀይል፣ አጎታተቱም ለመሬቱ አይስማማም። ትራክተሩ ራሱ እጅግ ከባድ በመሆኑ እርጥብ መሬት ይደቀድቃል። ፈርጉሰን ከዚህ ጉዞ ይዞት የተመለሰው ሐሳብ አንድ ነው። ይኸውም ችግሩ በትራክተሩ ወይም በማረሻው ብቻ ሳይሆን በሁለቱ መጋጠሚያ ላይ ነው የሚል ነበር።

መጋጠሚያው የሰው ሕይወት እስከ ማጥፋት ይደርስ ነበር። በበሬ የሚያርስ ገበሬ ማረሻው ከድንጋይ ወይም ከግንድ ሥር ጋር ሲጋጭ በሬዎቹ ይቆማሉ። ቢበዛ ሞፈር ይሰበራል፤ ወይም እርፉ ከእጅ ያመልጣል። ሞተር ግን አይቆምም። በዚያ ዘመን እጅግ የተስፋፋው የሄንሪ ፎርድ ሥራ የሆነው ፎርድሰን ትራክተር ቀላልና ርካሽ ነበር። ነገር ግን ከኋላው የሚጎተተው ማረሻ በድንገት ሲያዝበት የኋላ ጎማው መዞሩን ስለማያቆም የፊቱ እየተነሣ ሾፌሩ ላይ ተገልብጦ የሚወድቅበት ጊዜ ነበር። በዚህ ዐይነት አደጋ የሞቱ ሾፌሮች ጥቂት አልነበሩም።

ፈርጉሰንና ባልደረቦቹ ማረሻውን ከትራክተሩ አካል ጋር በጽኑ ክንዶች አያያዙት። እንዲህ ሲሆን መሬት ማረሻውን ሲይዘው ማረሻው ወደ ፊት ለመገልበጥ ስለሚሞክር የላይኛው ክንድ ትራክተሩን ወደ ፊት ይገፋዋል። በዚህም የትራክተሩ አፍንጫ መነሣቱ ቀርቶ ወደ መሬት ይጫናል። በተጨማሪም የማረሻው ክብደትና የአፈሩ ጫና በኋላ ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ ትራክተሩ ራሱ ከባድ ሳይሆን መሬት መቆንጠጥ ይችላል። ክብደትን በብረት ብዛት ሳይሆን ከሥራው ራሱ መበደር ማለት ነው።

ይህ ሐሳብ ከወረቀት ወደ እርሻ እስኪደርስ አሥራ ስድስት ዓመት ያህል ፈጅቷል። መጀመሪያ ያወጡት ማረሻ የተሠራለት ትራክተር በገበያ በፎርድሰን ተሸነፈ። ማረሻውን ለፎርድሰን እንዲስማማ አድርገው በ1925 ዓ.ም. ሸርማን ከተባሉ ወንድማማቾች ጋር በአሜሪካ፣ በኤቫንስቪል ከተማ ፋብሪካ ከፈቱ። ሥራው ሊሰምር ሲል በ1928 ዓ.ም. ፎርድ በአሜሪካ ፎርድሰንን ማምረት ስላቆመ ማረሻው ያለ ትራክተር ቀረ። ያን ጊዜ ፈርጉሰን ሌላው በሚሠራው ትራክተር ላይ መለጠፍ እንደማያዋጣ ተረድቶ የራሱን ለመሥራት ቆረጠ።

በዚህ መካከል ትልቁ ችግር ተፈትቶ ነበር። ማረሻ ከትራክተሩ ጋር በጽኑ ሲታሰር ትራክተሩ ጉብታ ሲወጣ ማረሻው ይሰምጣል፤ ጉድጓድ ሲገባ ደግሞ ይወጣል። ትልሙም ጥልቀቱን አይጠብቅም። መፍትሔ የሆነው የዘይት ግፊት ነበር። አፈሩ ሲጠነክር የላይኛው ክንድ ከትራክተሩ ጀርባ ያለውን ሞላ ይጫናል። ሞላው ቫልቩን ይከፍታል። ዘይት ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ ማረሻውን በጥቂቱ ያነሣል። ጫናው ሲቀል ማረሻው ተመልሶ ይወርዳል። ሾፌሩ ጥልቀቱን በትንሽ እጀታ አንድ ጊዜ ከወሰነ በኋላ የቀረውን ሞላውና ዘይቱ ይሠሩታል። ይኸው ሥራ በጠቅላላ ተዋሕዶ የታየው በ1933 ዓ.ም. በቤልፋስት ጋራዥ ውስጥ ተሠርቶ ጥቁር ቀለም በተቀባው ትራክተር ላይ ነው። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ በእንግሊዝ አገር ዴቪድ ብራውን ከተባለው ኩባንያ ጋር ይኸው ዐይነት ቢመረትም 1,350 ያህል ብቻ ተሠርቶ ቆመ። አንዱ ምክንያት ገበሬው ትራክተሩን ሲገዛ የቀድሞ መሣሪያዎቹን ጥሎ አዲስ መግዛት ነበረበት። ከወጪው አንጻር ሲታይ ገበሬው አልተሳሳተም።

በ1938 ዓ.ም. ፈርጉሰን ትራክተሩን በመርከብ አስጭኖ አሜሪካ ሄደና በሄንሪ ፎርድ መሬት ላይ አሳየው። ሁለቱ ሰዎች ውጭ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው በሞላ በሚሠራ ትንሽ ምሳሌ አሠራሩን ከተነጋገሩበት በኋላ በመጨባበጥ ብቻ ተስማሙ። ወረቀት አልተፈረመም። ፎርድ ትራክተሩን ሊያመርት፣ ፈርጉሰን ሊሸጥና የፈጠራ መብቱን ሊሰጥ ነው። በ1939 ዓ.ም. የወጣው ይህ ትራክተር እስከ 1947 ዓ.ም. ከ300 ሺህ በላይ ተመረተ። ፎርድ ካረጀና የኩባንያው አስተዳደር ወደ ልጅ ልጁ ከተላለፈ በኋላ ግን ስምምነቱ ፈረሰ። ኩባንያው በዚያው በፈርጉሰን አሠራር የራሱን ትራክተር እያወጣ ይሸጥ ጀመር። በቃል የተደረገውን ስምምነት ዝርዝር የሚያስረዳ አንድ ገጽ እንኳ ባለመኖሩ ጉዳዩ ለብዙ ዓመታት ፍርድ ቤት ተጎተተ። ፈርጉሰን 251 ሚሊዮን ዶላር ጠይቆ የተነሣ ቢሆንም በ1952 ዓ.ም. በዕርቅ የተከፈለው 9.25 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዚህ መካከል በአሜሪካ የነበረው ገበያ ተበትኖበታል።

በእንግሊዝ ግን ሥራው አልቆመም። በ1946 ዓ.ም. ስታንዳርድ የተባለው የመኪና ኩባንያ በኮቨንትሪ ከተማ፣ በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን ሞተር በሚሠራበት ፋብሪካ፣ ቲ ኢ 20 የተባለውን ግራጫ ትራክተር ማምረት ጀመረ። እስከ 1956 ዓ.ም. ከ517 ሺህ በላይ ወጣ። ክብደቱ ከአንድ ቶን ብዙም አይበልጥም። አነስተኛ መሬት ያለው ገበሬ በፈረስ ፈንታ ሊይዘው የሚችል ነበር።

የመካኒኩ ዐይን በግልጽ የሚታየው በዚህ ትራክተር ላይ ነው። መሣሪያዎቹን ለመግጠምና ለማስተካከል የሚያገለግሉት ዳዶዎች በሁለት መጠን ብቻ እንዲሆኑ ተደረገ። አንድ መፍቻ በሁለት ጫፉ ሁሉንም ይፈታል። መፍቻው ላይ የርዝመት መለኪያ ምልክት ስላለበት ገበሬው የትልሙን ስፋትና ጥልቀት በዚያው ይለካል። ሞተሩን ለማስነሣት የማርሹን እጀታ ለዚሁ ወደተለየ ቦታ ማዞር ስለሚያስፈልግ ትራክተሩ ማርሽ ውስጥ እንዳለ ተነሥቶ ሰው አይገጭም። ፈርጉሰን ለንጽሕና እስከ ማስቸገር ድረስ ይጨነቅ የነበረ ሰው ነው። ቅባት የነካው ልብስና የተዝረከረከ መሣሪያ አይወድም ነበር። ይህ ጠባዩ ሠራተኞቹን ሳያማርር አልቀረም።

እንዲህ ዐይነት አሮጌ ትራክተር አግኝቶ የሚያድስ ሰው ዛሬም የፈርጉሰንን ሐሳብ ተከትሎ መሄድ ይኖርበታል። ማንሻው አልነሣም ሲል ብዙዎች ወደ ፖምፓው ይሮጣሉ። ፖምፓው የሚዞረው ግን ኀይል በሚያወጣው ዘንግ ስለሆነ የዘንጉ እጀታ ካልተያያዘ ወይም ፍሪሲዮን ከተረገጠ መሣሪያው ከቶ አይነሣም። ከዚያ የሚቀጥለው ዘይቱ ነው። ካምቢዮው፣ የኋላ አክሱና ማንሻው አንድ ዘይት ስለሚጠቀሙ ዘይቱ ከጎደለ ወይም ውሃ ገብቶበት እንደ ወተት ከነጣ ጉዳቱ ለሦስቱም ይደርሳል። ለዓመታት የቆመ ትራክተር ቫልቩ በዝቃጭና በዝገት ሊጣበቅ ይችላል። መሣሪያው ተነሥቶ ሞተሩ ሲጠፋ ቶሎ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ በሲሊንደሩ በኩል ዘይት የሚያሾልክ ነገር አለ ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ ሳይታዩ ፖምፓ መለወጥ ገንዘብ መጣል ነው።

የላይኛው ክንድ ከሁሉ ይበልጥ የሚናቅ ዕቃ ነው። ሲጠፋ ወይም ሲሰበር በተገኘ ብረት በያጅ የሚተካው አይታጣም። ነገር ግን የማረሻው ጫፍ ወደ አፈር የሚገባበትን አቅጣጫ የሚወስነው የዚህ ክንድ ርዝመት ነው። ሲያጥር ማረሻው ወደ ታች ይዘነበላል፤ ሲረዝም ይቀናል። ማስተካከያ የሌለው ብረት ከተበየደ ሾፌሩ ጥልቀቱን አስተካክላለሁ ብሎ ቢደክም ውጤት የለውም። የክንዱ ፒኖችና ኳሶች ሲበሉ፣ ሞላውም ሲላላ መልእክቱ ወደ ቫልቩ በትክክል ስለማይደርስ ማረሻው ይዘላል። ከዚህም በላይ ግንድ ወይም ጭነት ከላይኛው ክንድ ማሰሪያ ላይ አስሮ መጎተት ትራክተሩን ወደ ኋላ ይገለብጠዋል። ማለትም ፈርጉሰን ያስቀረውን የፎርድሰን ሞት በገዛ እጅ መመለስ ነው። የሚጎተት ነገር ሁሉ ከታች፣ ለመጎተቻ ከተሠራው ቦታ ላይ ብቻ ይታሰራል።

በ1953 ዓ.ም. ፈርጉሰን ኩባንያውን ከካናዳው ማሴይ ሃሪስ ጋር አዋሐደ። በሽያጩ ላይ ያልተስማሙበትን የአንድ ሚሊዮን ዶላር ልዩነት በሳንቲም ዕጣ ጥለው ፈርጉሰን ተሸነፈ። ከአንድ ዓመት በኋላ በአሠራር ስላልተስማማ ጥሎ ወጣ። ስሙ ግን ቀረ። ኩባንያው ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ማሴይ ፈርጉሰን ተባለ። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 4 ቀን የኒውዚላንዱ ኤድመንድ ሂላሪና ጓደኞቹ ሰንሰለት በለበሱ ሦስት ፈርጉሰን ትራክተሮች በበረዶ ላይ ተጉዘው ደቡብ ዋልታ ደረሱ።

ፈርጉሰን በመጨረሻ ዓመታቱ አራቱም ጎማ ኀይል የሚያገኝበትን መኪና ለማሻሻል ደክሟል። ለራሱ ያመረተው ግን አልነበረም። ኦክቶበር 25 ቀን 1960 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ በስቶው ኦን ዘ ዎልድ አጠገብ በሚገኘው ቤቱ በ75 ዓመቱ ዐረፈ። በቤልፋስት ጋራዥ የተሠራው ጥቁሩ ትራክተር በለንደን የሳይንስ ሙዚየም ንብረትነት ተጠብቆ ይገኛል።