ቻርልስ ዊትስቶን

ሰር ቻርልስ ዊትስቶን (1802 – 1875 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። ተማሪዎች በብዛት የሚያውቁት የኤሌክትሪክ ሬዚስታንስ በሚለካበት «የዊትስቶን ድልድይ» ነው፤ ድልድዩን ግን በ1833 አስቀድሞ የፈለሰፈው ሳሙኤል ክሪስቲ ነው። የራሱ ታላቅ ሥራ፣ ዓይን ርቀትን እንዴት እንደሚያውቅ ያሳየበት ስቴሪዮስኮፕ ነው። የዛሬው የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር የሚሠራው በዚሁ መርህ ነው።

የተወለደው ግሎስተር ከተማ አጠገብ ሲሆን ቤተሰቡ የሙዚቃ መሣሪያ ይሠራና ይሸጥ ነበር። ኮንሰርቲና የተባለውን አኮርዲዮን መሰል መሣሪያም የፈጠረው እሱ ነው። በ1834 በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1837 ከዊሊያም ኩክ ጋር የቴሌግራፍ ፓተንት አወጣ። በሕዝብ ፊት መናገር ስለሚያስፈራው አንዳንድ ግኝቶቹን ወዳጁ ማይክል ፋራዴይ ያቀርብለት ነበር።

በ1838 ለሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው ጽሑፍ፣ ሁለቱ ዓይኖች ቅርብ የሆነን ነገር በመጠኑ የተለያየ አድርገው እንደሚያዩትና አእምሮ ከዚህ ልዩነት ጥልቀትን እንደሚያገኝ አሳየ። ለምሳሌ ዱራሜ ላይ የቆመ ሰው ዓይኖቹን እያፈራረቀ ቢጨፍን የአምባሪቾ ተራራ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ክንድ ያህል ርቆ ያለ የእንሰት ቅጠል ግን ወዲያና ወዲህ የሚዘል ይመስለዋል። ዊትስቶን ሁለት መስታወቶችን በማዕዘን አቁሞ ለእያንዳንዱ ዓይን የየራሱን ሥዕል ሲያሳይ፣ ከሁለቱ ጠፍጣፋ ሥዕሎች አንድ ጠጣር ቅርጽ ታየ። ፎቶግራፍ ገና ይፋ ስላልወጣ የተጠቀመው በመስመር ብቻ በተነደፉ ሥዕሎች ነበር። ይህም ሳይጠቅመው አልቀረም፤ ጥላና ቀለም ስለሌለ ጥልቀቱ የመጣው ከሁለቱ ሥዕሎች ልዩነት መሆኑ ግልጽ ሆነ።

በ1852 ደግሞ የመሣሪያውን ክንዶች ተንቀሳቃሽ አደረገ። የሥዕሉ መጠን በዓይን ውስጥ ሳይለወጥ ሁለቱ ዓይኖች ይበልጥ ወደ አፍንጫ ሲዞሩ ምስሉ አንሶ ይታይ ነበር። አእምሮ የዓይንን መዞር ጭምር ለርቀት መለኪያ ይጠቀማል ማለት ነው። የዛሬው መነጽር አንዱ ችግር ከዚሁ ይነሳል፦ ዓይን ጥራት የሚያስተካክለው ለአንድ የተወሰነ ርቀት ሲሆን፣ የሚዞረው ግን ምስሉ አለ ወደተባለበት ሌላ ርቀት ነው። መነጽሩን ያጠለቁ ሰዎች ርቀትን አሳንሰው እንደሚገምቱ በብዙ ሙከራ ታይቷል፤ ለዚህ ግን ይህ ግጭት ብቻውን በቂ ምክንያት አይደለም።

ስቴሪዮስኮፕን በየቤቱ ያስገባው በሌንስ የሚሠራው የዴቪድ ብሩስተር ዓይነት ነው። ብሩስተር በ1856 የፈጠራውን ቀዳሚነት ለሌላ ሰው ሰጥቶ በጋዜጣ ቢከራከርም፣ የ1838ቱ ጽሑፍ ለዊትስቶን በቂ ምስክር ነው።

በ1868 የሰርነት ማዕረግ ተሰጠው። ኦክቶበር 19 ቀን 1875 ፓሪስ ውስጥ አርፎ ለንደን ተቀበረ።