አባ ጎርጎርዮስ በጎታ

ሰው አዲስ ነገር እንዳይጀምር ከሚያግዱት ምክንያቶች አንዱ አላዋቂ መስሎ መታየትን መፍራቱ ነው። በአገሩ ሊቅ የተባለ ሰው በባዕድ አገር እንደገና ፊደል ቆጣሪ ሲሆን ደግሞ ፍርሃቱ ይብሳል። እኛ በሚኒሶታ የምንኖር ስደተኞች ይህን አሳምረን እናውቀዋለን። ስለዚህም በእንዲህ ያለ መንገድ አስቀድመው ያለፉትን የአባ ጎርጎርዮስን ሕይወት ባጭሩ እናቀርባለን። ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአምሐራ አገር በመካነ ሥላሴ ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከካቶሊካውያን ጋር ወገኑ። በ1632 ዓ.ም. የተዋሕዶ ሃይማኖት ተመልሶ ዐፄ ፋሲለደስ ሲነግሡ፣ ኋላም ኢየሱሳውያን ከአገር ሲባረሩ፣ እሳቸውም ለስደት ተዳረጉ። በሃይማኖቱ ነገር ከእኛ ቢለዩም የስደታቸው መከራ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

በ1649 ዓ.ም. በሮም በኢትዮጵያውያን ማረፊያ በቅዱስ እስጢፋኖስ ሳሉ ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለ ጀርመናዊ ወጣት ጎበኛቸው። ግእዝን የተማረው ከመጻሕፍት ነበር። ለአባ ጎርጎርዮስም ቢሆን ግእዝ የጸሎትና የመጽሐፍ ቋንቋ እንጂ የዕለት መነጋገሪያ አልነበረም። ሆኖም ሁለቱም እየተሰናከሉ ሊነጋገሩበት ደፈሩ፤ ቀስ በቀስም መግባቢያቸው ሆነ።

በ1652 ዓ.ም. የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ አገሩ ጠራቸው። የሚያስፈራ ነገር አልታጣም። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ተጠግቷል፤ መንገዱ የአልፕስን ተራሮች ያቋርጣል፤ አገሩ የሉተራውያን ነው፤ ሠላሳ ዓመት የፈጀው ጦርነት ካበቃም ገና አራት ዓመቱ ነበር። እሳቸው ግን ጥሪውን ተቀብለው ሄዱ።

በጎታ ቤተ መንግሥት በቈዩባቸው ጥቂት ወራት ሥራቸው ማስተማር ሆነ። በዚያ ዘመን የአገራችን ሊቃውንት የሚማሩትም የሚጽፉትም በግእዝ ስለ ነበር አማርኛ በትምህርት ቤት የሚሰጥ ትምህርት አልነበረም። አባ ጎርጎርዮስ ግን ከእናታቸው አፍ የሰሙትን ቋንቋ ቃል በቃል እየፈቱ ለባዕድ ሰው ያስረዱ ጀመር። ስለ አገሪቱ መልክዐ ምድር፣ ሥርዓትና ታሪክም ሲጠየቁ መለሱ። ወደ ኢጣልያ ከተመለሱ በኋላም በግእዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር።

የዚያ ድካም ፍሬ ብዙ ነው። ሉዶልፍ በ1661 ዓ.ም. የግእዝ መዝገበ ቃላት፣ በ1681 የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። በአውሮፓ ለኢትዮጵያ ጥናት መሠረት የሆኑት እነዚህ መጻሕፍት ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ ግን አንዳቸውንም አላዩም። በ1658 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲጓዙ መርከባቸው በእስክንድሮና አጠገብ ተሰብሮ ሰጠሙ።

እንግዲህ የእኚህን ሰው ታሪክ ስናነብ አንድ ነገር እናስተውላለን። ዝግጅታቸው እስኪሞላ አልጠበቁም፤ በእጃቸው ባለው ግእዝና በአፋቸው ባለው አማርኛ ጀመሩ። በመካከላችን ከወጣቶች ጋር ተቀምጦ እንግሊዝኛ መማር የሚያፍር አረጋዊ አለ። ልጆችን አማርኛ አስተምሪ ስትባል መምህር አይደለሁም ብላ የምታፈገፍግ እናትም አለች። ፍርሃታቸውን አንነቅፍም። ነገር ግን አባ ጎርጎርዮስም በጎታ በተቀመጡ ጊዜ የአማርኛ መምህርነትን ከማንም አልተማሩም ነበር።