ከየትምህርት ቤቱ ይጠፋ የነበረው ልጅ፦ ጂም ቶርፕ

በየክፍሉ አንድ እንዲህ ዓይነት ልጅ አይጠፋም። ይፎርፋል፣ ይደባደባል፣ ወላጅ አምጣ ሲባል አጥር ዘሎ ይሄዳል። ጂም ቶርፕ እንደዛ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው በ1887 አካባቢ፣ ዛሬ ኦክላሆማ በሚባለው ምድር ነው። ወገኖቹ ሳክ እና ፎክስ የሚባሉት የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ናቸው። ቻርሊ የሚባል መንትያ ወንድም ነበረው፤ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት አብረው ገቡ። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ቻርሊ በሳንባ ምች ሞተ። ከዚያ በኋላ ጂምን ክፍል ውስጥ የሚያቆየው ነገር ጠፋ። ይኮበልላል፣ አባቱ ይመልሰዋል፣ ደግሞ ይኮበልላል። እንዳይመለስ ብሎ ራቅ ያለ ቦታ፣ ካንሳስ ድረስ ላከው። ከዚያም ጠፋ። እናቱ ስትሞት ደግሞ ከአባቱ ጋር ተጣልቶ ፈረስ የሚገራበት ቦታ ሥራ ገባ።

በ1904 አባቱ ፔንሲልቬንያ ወዳለው ካርላይል ትምህርት ቤት ላከው። ካርላይል ደግሞ መጫወቻ አይደለም። መንግሥት የቀደምት ሕዝቦችን ልጆች ሰብስቦ ፀጉራቸውን የሚቆርጥበት፣ ቋንቋቸውን የሚከለክልበት፣ እንደ ወታደር የሚያሰልፍበት ቦታ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አባቱም ሞተ። ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን በትንሽ ክፍያ በነጮች ቤትና እርሻ ያሠራ ስለነበር ጂምንም ላከው። እሱ ግን ከዚያም ኮበለለ።

በ1907 የሆነው ነገር ብዙ ጊዜ ይተረካል። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ በሜዳው አጠገብ ሲያልፍ ልጆች ከፍታ ዝላይ እየሞከሩ ያቅታቸዋል። ዘንጉ 1 ሜትር ከ75 አካባቢ ነው። ልሞክር አለ፣ ዘለለው፣ መንገዱን ቀጠለ። ወሬው አሰልጣኙ ፖፕ ዋርነር ጋ ደረሰ፤ በማግስቱ አስጠራው። ልጁ ጥፋት ያጠፋ መስሎት ነበር አሉ። እስከዚያ ድረስ ተጠርቶ የሚያውቀው ለቅጣት ነዋ!

ከዚያ በኋላ ሩጫው፣ ዝላዩ፣ የአሜሪካ እግር ኳሱ ተከታተለ። ዋርነር እንዳይሰበርበት ፈርቶ እግር ኳሱን ሊከለክለው ሞክሮ ነበር። እስቲ ኳሱን ይዘህ እለፋቸው ቢለው፣ ቡድኑን በሙሉ አልፎ ሄደ። ድገመው ሲባል ደገመው።

ታዲያ በአንዴ ተለወጠ ማለት አይደለም። በ1909 አሁንም ትምህርቱን ጥሎ ሰሜን ካሮላይና ቤዝቦል ሊጫወት ሄደ። ክፍያው በሳምንት ከ35 ዶላር አይበልጥም ነበር ይባላል። ያኔ ብዙ የኮሌጅ ተማሪዎች በክረምት በሐሰት ስም እንዲህ ይጫወቱ ነበር። እሱ በገዛ ስሙ ተጫወተ።

እኔን ከሜዳሊያዎቹ በላይ የሚገርመኝ 1911 ነው። በዚያ ዓመት ወደ ካርላይል ተመለሰ። ዋርነር ገፋፍቶታል፣ እውነት ነው፤ ግን እጁን ይዞ የመለሰው አባት የለም፣ ያመጣው ፖሊስም የለም። ከገባበት ሁሉ ሲጠፋ የኖረ ልጅ በእግሩ መጣ። የሚጠብቀው ቡድን ስለነበረው ይመስለኛል። በዚያው ኅዳር፣ እግሩን ተጎድቶ፣ ሃርቫርድ ላይ አራት ጊዜ ኳሷን በግቡ ቋሚዎች መካከል አሳልፎ መታ፤ ካርላይል 18 ለ 15 አሸነፈ።

በ1912 ስቶክሆልም ኦሊምፒክ ላይ ፔንታትሎንንም ዴካትሎንንም ወሰደ። በዴካትሎን ከሁለተኛው በ688 ነጥብ በልጦ ነው። ጫማው ጠፍቶበት በማይመሳሰሉ ጫማዎች ተወዳድሯል ይባላል።

በ1913 መጀመሪያ ላይ ጋዜጣ የቤዝቦሉን ጉዳይ አወጣ። ያኔ ኦሊምፒክ በስፖርት ገንዘብ ለተከፈለው ሰው ዝግ ነበር። ኢኮኖሚክስ ለተማረ ሰው ሒሳቡ ያናድዳል፦ የካርላይል ቡድን ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ሜዳ ድረስ እየሄደ ከመግቢያ ገንዘቡ ድርሻውን ያስገባ ነበር፤ ጥፋተኛው ግን ያቺን ትንሽ ዶላር የተቀበለው ልጅ ሆነ። ዋርነርና የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ምንም አናውቅም አሉ። ቶርፕ ግን አልካደም። መጫወቱንና መከፈሉን አምኖ፣ ነውር መሆኑን እንዳላወቀ ገልጾ ደብዳቤ ፈረመ። ደብዳቤውን ያዘጋጀው ራሱ ዋርነር ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ። ስሙ የተጻፈበት ግን የቶርፕ ነው። ሜዳሊያዎቹ ተወሰዱ። ውጤቱን ለመቃወም ደንቡ የሚፈቅደው 30 ቀን ብቻ ነበር፤ ስድስት ወር አልፎ ነበር፣ ማንም አልጠየቀም።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት ቤዝቦልም እግር ኳስም በባለሙያነት ተጫወተ፤ በ1920 ዛሬ ኤንኤፍኤል የሚባለው ሊግ ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እሱ ነበር። መጨረሻው ግን አላማረም። መጠጥ ጎዳው፤ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በቀን ሠራተኛነት መሬት ቆፍሯል። በ1953 ሞተ።

ካርላይልን ምክር ቤቱ በ1914 መረመረው፣ ዋርነርም ለቀቀ፣ ትምህርት ቤቱ በ1918 ተዘጋ። የኦሊምፒክ ኮሚቴው በ1982 የቶርፕን ሜዳሊያዎች ለመመለስ ቢወስንም የጋራ አሸናፊ ነው ያደረገው። ብቻውን ያሸነፈ ሆኖ የተመዘገበው በ2022 ነው፣ ከሞተ በ69 ዓመቱ።