ቁጥርን በተራ ያሰለፉት ኬሚስት፤ ዶክተር ፍራንክ ዊልኮክሰን

ዶክተር ፍራንክ ዊልኮክሰን በ1892 ዓ.ም. (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከአሜሪካውያን ወላጆች በአየርላንድ ተወለዱ፤ ያደጉት ግን በኒው ዮርክ ግዛት ነው። ሙያቸው ኬሚስትሪ ሲሆን፣ በ1924 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበሉ። በስታቲስቲክስ የትምህርት ማስረጃ አልነበራቸውም። በቦይስ ቶምሰን የዕፅዋት ምርምር ተቋም በሚሠሩበት ጊዜ ከባልደረቦቻቸው ጋር እየተሰበሰቡ የሮናልድ ፊሸርን መጽሐፍ በማጥናት ዕውቀቱን በገዛ ጥረታቸው ገበዩ።

በ1943 ወደ አሜሪካን ሳያናሚድ ኩባንያ ተዛውረው በጸረ ተባይ መድኃኒቶች ምርምር ላይ ተሰማሩ። በዚህ ዓይነቱ ሥራ ከሌሎቹ እጅግ የራቀ አንድ ውጤት ብቻ አማካዩን ያዛባል፤ የቁጥሮቹንም መበታተን ያገዝፋል። በዚህም የተነሣ ውጤቶቹ የኖርማል ሥርጭትን ይከተላሉ በሚል ግምት ላይ የቆመው የተለመደው ፈተና እውነተኛውን ልዩነት ሊሰውር ይችላል። የሚጠቅመው መድኃኒት አይረባም ተብሎ ቢጣል የተመራማሪው ድካም ከንቱ ይቀራል፤ የማይረባው ይጠቅማል ተብሎ ቢወጣ ደግሞ የሚጎዳው ገበሬው ነው።

ዶክተር ዊልኮክሰን መፍትሔውን በ1945 በባዮሜትሪክስ ቡለቲን ባወጡት የአራት ገጽ ጽሑፍ አቀረቡ። ሐሳቡ ቁጥሮቹን ከትንሹ እስከ ትልቁ በተራ አሰልፎ፣ በመጠናቸው ፈንታ የተራ ቁጥራቸውን መደመር ነው። በዚህ መንገድ ያ የራቀ ውጤት የመጨረሻውን ተራ ከመያዝ በቀር ሌላ ጉልበት አይኖረውም። በጽሑፉ አንዱ ፈተና ለሁለት የተለያዩ ቡድኖች፣ ሌላው ለጥንድ ውጤቶች ቀረበ። በ1947 ማን እና ዊትኒ የመጀመሪያውን በሒሳብ አጠናከሩት።

ይሁን እንጂ ተመራማሪ ብዙውን ጊዜ የሚያወዳድረው ከሁለት በላይ ቡድኖችን ነው። አራት ቡድኖች ስድስት ጥንዶች ይሆናሉ። እያንዳንዱ ጥንድ በ5 ከመቶ ስሕተት ለብቻው ቢፈተን፣ ጥንዶቹ የማይነካኩ ናቸው ብንል፣ በአንዱ እንኳ የመሳሳት ዕድል ወደ 26 ከመቶ ይደርሳል። ስለዚህ በቅድሚያ ሁሉንም በአንድነት መፈተን ያስፈልጋል። ቡድኖቹ የተለያዩ ከሆኑ ክሩስካል እና ዋሊስ በ1952 ያቀረቡት ፈተና ያገለግላል። ያው ማሳ ወይም ያው ሰው ሁሉንም መድኃኒቶች በየተራ ከቀመሰ ግን፣ ተገቢው ሚልተን ፍሪድማን በ1937 ያወጡት ነው። አንዱን በሌላው ቦታ መተካት የሙከራውን አሠራር መዘንጋት ነው። የፈተናው ውጤት ልዩነት መኖሩን ቢያመለክት እንኳ፣ ልዩነቱ በየትኞቹ ቡድኖች መካከል እንደሆነ አይናገርም።

ለዚህ ቀሪ ጥያቄም ዶክተር ዊልኮክሰን ድርሻቸውን አበርክተዋል። ከባልደረባቸው ከዊልኮክስ ጋር አዘጋጅተው በ1964 ባሳተሙት መመሪያ፣ ብዙ ቡድኖችን በተራ ቁጥር ጥንድ በጥንድ የማወዳደሪያ ዘዴ ከነሠንጠረዡ ለሙከራ ባለሙያዎች አቀረቡ።

ከኩባንያው በጡረታ ከተሰናበቱ በኋላ ከ1960 ጀምሮ በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ቆይተው፣ በ1965 በ73 ዓመታቸው ዐረፉ። ለሙያው ባልደረቦች ያወረሱት የሒሳብ ቀመር ብቻ አይደለም፤ ፈተና ከመመረጡ በፊት ቁጥሮቹ እንዴት እንደተሰበሰቡ የመጠየቅን ልማድ ጭምር ነው።