ከመቃብር በላይ የዋለ ስም

በፎገራ ሜዳ ላይ የምትገኘው የወረታ ከተማ የመንገዶች መገናኛ ናት። ከደብረ ታቦር የሚመጣው መንገድ ከባሕር ዳርና ከጎንደር መንገድ ጋር የሚጋጠመው በእርስዋ ዘንድ ነው። ስለዚህ በአውሮፕላን ለመሄድ ያሰበ የወረታ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። ወደ ሰሜን ቢጓዝ በጎንደር በአፄ ቴዎድሮስ ስም የተሰየመውን አውሮፕላን ማረፊያ ያገኛል፤ የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዝ ደግሞ በባሕር ዳር በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም ከሚጠራው ይደርሳል። ይህ የባሕር ዳሩ ማረፊያ አስቀድሞ ግንቦት 20 ይባል ነበር። ስያሜው የኢሕአዴግ ጦር በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባበትን ቀን ለማስታወስ የወጣ ነው። ሜዳው ያው ሆኖ ሳለ ስሙ ከቀን ወደ ሰው ተላለፈ። የመንግሥት ሕንፃ ስም ሲለወጥ ክርክር አይቀርምና፣ ከክርክሩ በፊት ሰውየው ማን እንደ ነበረ ማወቅ ይገባል።

በላይ የተወለደው በ1904 ዓ.ም. ገደማ ነው። የትውልድ ቀዬውን ጎጃሜው ወደ ቢቸና፣ ወሎዬው ወደ አማራ ሳይንት ይስበዋል። አባቱ ባሻ ዘለቀ ላቀው የልጅ ኢያሱ አገልጋይ ነበር። ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ባሻ ዘለቀ በቢቸና ሲኖር ከአገሩ ሹም ጋር ተጣልቶ በጭፍሮች እጅ እንደ ተገደለ ይነገራል። በላይ በዚያን ጊዜ ገና ልጅ ነበር። ካደገ በኋላም የአባቱን ደም ሊመልስ ጫካ ገባ፤ ከመንግሥት ጋር የነበረው ጠብ እንግዲህ ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት ያደገ ነበር።

ይሁን እንጂ ኢጣልያ አገሪቱን በ1928 ዓ.ም. በያዘ ጊዜ ይኸው ሽፍታ ጠመንጃውን ወደ ጠላት አዞረ። በቢቸና አውራጃና ከዓባይ ማዶ ባለው አገር ሕዝቡን እያስተባበረ አምስቱን የመከራ ዓመታት ሲዋጋ ኖረ። በፈረስ ስሙ አባ ኮስትር ተብሎ ታወቀ። ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ሳሉ ሹመት የሚሰጥ ስላልነበረ፣ ለተከታዮቹ እስከ ከፍተኛው ማዕረግ ድረስ እርሱ ራሱ ይሾም ነበር። ለራሱ ማንን ማዕረግ እንደሚወስድ ሲጠየቅም፣ እናቱ በላይ ብላ ካወጣችለት ስም የሚበልጥ ሹመት እንደማያውቅ መለሰ እየተባለ እስከ ዛሬ ይተረካል።

ታሪኩ ነቀፌታ የሌለበት አይደለም። በ1933 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ከደብረ ማርቆስ ወጥቶ ዓባይን ሲሻገር በላይ መንገዱን ሊዘጋበት ሲችል እንዳሳለፈው የእንግሊዝ ጦርነት ጸሐፊዎች ይወቅሱታል። ለዚህም ምክንያቱ ራስ ኃይሉ በጋብቻ ተስፋ ስላባበሉት ነው ይላሉ።

ከነጻነት በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የደጃዝማችነት ማዕረግ ሰጥተው የቢቸና አውራጃ ገዢ አደረጉት። እርሱ ግን ለጠላት ያደሩ ሰዎች ከአርበኛው በላይ ሲከበሩ አየሁ ብሎ ቅር ተሰኘ። ቅሬታው እየከረረ ሄዶ ከመንግሥት ጦር ጋር አታኮሰው። በሶማ አምባ ተከቦ ከቆየ በኋላ እጁን ሰጠ፤ በአዲስ አበባም ለፍርድ ቀረበ። የሞት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እሥራት ተለወጠለት። ነገር ግን ከራስ ኃይሉ ልጅ ከልጅ ማሞ ጋር ከእሥር አምልጦ ተያዘ፤ በጥር ወር 1937 ዓ.ም. ከልጅ ማሞና ከወንድሙ ከእጅጉ ዘለቀ ጋር በስቅላት ተቀጣ። ዕድሜው ገና በሠላሳዎቹ ውስጥ ነበር።

እንግዲህ ክርክሩ ከዚህ ይነሣል። በመንግሥት ላይ የሸፈተ ሰው ስም በመንግሥት ሕንፃ ላይ እንዴት ይጻፋል የሚል ይኖራል። ሌላው ደግሞ አገር ባዶ በሆነችበት ጊዜ መንግሥት ሆኖ የቆመላት እርሱ ነው ይላል። ሁለቱም የየራሳቸው ማስረጃ አላቸው። በእኔ አስተያየት የአምስቱ ዓመት ተጋድሎ ሚዛኑን ይደፋል፤ ስሙም ይገባዋል።

የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። በአገራችን የሕንፃ ስም ብዙ ጊዜ የሚወጣው ሟቹን ለማክበር ብቻ ሳይሆን የቀደመውን ስም ለመፋቅም ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከአብዮቱ በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ በልዕልት ፀሐይ ስም ይጠራ የነበረውም ሆስፒታል የጦር ኃይሎች ሆነ። የግንቦት 20ም ነገር እንዲሁ ነው። ሰሌዳ አውራጁና ሰሌዳ ሰቃዩ ይለዋወጣሉ፤ ተማሪው ግን ከአንዱም ስም ታሪክ አይማርም። ሌላውን ስም ለማውረድ ብቻ የተሰቀለ ስም ደግሞ በዚያው መንገድ የሚወርድበት ቀን ይመጣል።

ነገ ከነገ ወዲያ በወረታም ሆነ በሌላ ወረዳ ለአዲስ ትምህርት ቤት ወይም ለጤና ጣቢያ ስም ምረጡ ተብሎ ቃለ ጉባኤ የሚጽፈው ወጣቱ ሠራተኛ ነው። ያ ወጣት ከስሙ በታች ሕይወቱንም ቢያስጽፍ መልካም ነው። ይኸውም ጀግንነቱን ብቻ ሳይሆን ስሕተቱንና ፍጻሜውንም ጭምር ነው። በባሕር ዳር የሚሳፈረው መንገደኛ የበላይን ስም ሲያነብ፣ ደጃዝማችነትን የሰጠውም በገመድ የሰቀለውም አንድ መንግሥት እንደ ነበረ ሊያውቅ ይገባዋል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው የአባቶቻችን ተረት እውነት የሚሆነው ባለስሙ ከነሙሉ ታሪኩ ሲታወቅ ነው።