ፍራንዝ አንቶን ሜስመር

ፍራንዝ አንቶን ሜስመር (ሜይ 23 ቀን 1734 – ማርች 5 ቀን 1815 እ.ኤ.አ.) በደቡብ ጀርመን የተወለደ ሐኪም ሲሆን፣ «እንስሳዊ ማግኔትነት» ብሎ በሰየመው የፈውስ ዘዴ በቪየናና በፓሪስ ስሙ የገነነ ሰው ነበር። በፍጥረት ሁሉ ውስጥ በዓይን የማይታይ ረቂቅ ፈሳሽ ይዘዋወራል፣ በሽታ የሚመጣውም የፈሳሹ ዝውውር ሲታወክ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። በ1784 የፈረንሳይ ንጉሥ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ግን ይህ ፈሳሽ ለመኖሩ አንዳች ማስረጃ አላገኘም። ዛሬ የሜስመር ስም በሕክምና ታሪክ በብዛት የሚነሣው አባባሉን ለመፈተን በተደረጉት በነዚያ ሙከራዎች ምክንያት ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ሜስመር የተወለደው በኮንስታንስ ሐይቅ ዳር በምትገኘው በኢዝናንግ መንደር ነው። አባቱ በኮንስታንስ ጳጳስ ሥር የደን ጠባቂ ነበር። ሜስመር በመጀመሪያ በዲሊንገን፣ ቀጥሎም በኢንጎልሽታት ዩኒቨርሲቲ ተማረ። ከዚያም ወደ ቪየና ሄዶ ሕክምና አጠና።

በ1766 ዶክተር የተባለበት የመመረቂያ ጽሑፉ ፕላኔቶች በሰው አካል ላይ ስላላቸው ተጽዕኖ የሚናገር ነበር። ጨረቃ የባሕርን ውኃ እንደምታስሞላና እንደምታጎድል ሁሉ፣ በሰው አካል ውስጥም ተመሳሳይ መሙላትና መጉደል አለ የሚል ሐሳብ አቅርቧል። የኋላ ዘመን ተመራማሪዎች የጽሑፉ ብዙ ክፍል ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከሪቻርድ ሚድ ሥራ የተወሰደ መሆኑን አሳይተዋል።

በ1768 አና ማሪያ ፎን ፖሽ የምትባል ባለጸጋ መበለት አገባ። በቪየና የነበረው ሰፊ ቤቱ የሙዚቃ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ሆነ፤ የሞዛርት ቤተሰብም ከወዳጆቹ መካከል ነበር።

የማግኔት ፈውስ

በ1774 ሜስመር ፍራንሲስካ ኦስተርሊን የተባለች ሕመምተኛ ያክም ነበር። ብረት ያለበት መድኃኒት ካጠጣት በኋላ በአካሏ ላይ ማግኔቶች አደረገባት። እርሷም በሰውነቷ ውስጥ አንድ ነገር ሲፈስ እንደተሰማትና እንደተሻላት ተናገረች። ማግኔቶቹን የሰጠው የከዋክብት ተመራማሪው ማክሲሚሊያን ሄል ስለ ነበር፣ ፈውሱ የማን ነው በሚል በሁለቱ መካከል ክርክር ተነሣ።

ብዙም ሳይቆይ ሜስመር ያለ ማግኔት፣ በእጁ ብቻ ሲዳስስ ወይም እጁን ከአካል ራቅ አድርጎ ሲያንቀሳቅስ ተመሳሳይ ውጤት እንደሚታይ አስተዋለ። ከዚህ በመነሣት ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው ማግኔት ሲኖርም ሳይኖርም ውጤቱ አንድ ከሆነ፣ ማግኔቱ ምንም አልሠራም ይሆናል ብሎ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው ኃይሉ ያለው በሐኪሙ በራሱ አካል ውስጥ ነው ማለት ነው። ሜስመር ሁለተኛውን መረጠ፤ ትምህርቱም «እንስሳዊ» የተባለው ከብረት ማግኔት ለመለየት ነው።

የማሪያ ቴሬዚያ ፓራዲስ ጉዳይ

በ1777 ሜስመር ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዓይነ ስውር የነበረችውን የ18 ዓመቷን ፒያኖ ተጫዋች ማሪያ ቴሬዚያ ፓራዲስን ለማከም ተቀበለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማየት ጀምራለች የሚል ወሬ በከተማው ተሰማ፤ የቪየና ሐኪሞች ግን አላመኑበትም። በመጨረሻ ወላጆቿ በብዙ ጠብ ከሜስመር ቤት አወጧት። ፓራዲስ እስከ ዕለተ ሞቷ ዓይነ ስውር ሆና ኖረች። ሆኖም በመላ አውሮፓ እየተዘዋወረች የተጫወተች፣ የሙዚቃ ድርሰት የጻፈችና በ1808 በቪየና የሙዚቃ ትምህርት ቤት የከፈተች ታላቅ ባለሙያ ለመሆን በቅታለች። ሜስመር ግን ከዚህ ጉዳይ በኋላ ቪየናን ለቅቆ ወጣ።

በፓሪስ

ሜስመር በ1778 መጀመሪያ ፓሪስ ገባ። በቀጣዩ ዓመት ትምህርቱን በ27 ነጥቦች የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። የንጉሡ ወንድም ሐኪም የነበረው ሻርል ዴስሎን ዋና ደቀ መዝሙሩ ሆነ። ሕመምተኞች በጣም ስለ በዙ ሜስመር ብዙዎችን በአንድ ጊዜ የሚያክምበት መሣሪያ ሠራ። ይህም ውኃ፣ ጠርሙሶችና የብረት ብናኝ የሚገባበት ትልቅ ክዳን ያለው የእንጨት ገንዳ ነበር። ከክዳኑ የሚወጡትን ቆልማማ ብረቶች ሕመምተኞቹ በሚያማቸው ቦታ ላይ ያስደግፉ ነበር፤ እርስ በርሳቸውም በገመድ ይያያዙ ነበር።

ክፍሉ ደብዛዛ ብርሃን የነበረው ሲሆን፣ ለስለስ ያለ የብርጭቆ ሃርሞኒካ ሙዚቃ ይሰማበት ነበር። ከሕመምተኞቹ አንዱ መንቀጥቀጥ፣ ማልቀስ ወይም መሳቅ ሲጀምር ሌሎችም ይከተሉት ነበር። ሜስመር ይህን የመዳን ምልክት ነው ይል ነበር።

የዘመኑ መደበኛ ሕክምና ደም ማፍሰስንና ኃይለኛ የሚያስቀምጥ መድኃኒትን ያዘወትር ስለ ነበር፣ ብዙ ሰዎች ሕመም የሌለበትን የሜስመርን ዘዴ መምረጣቸው አያስደንቅም። ደሙ ያልፈሰሰ ሕመምተኛ በራሱ ጊዜ ሊያገግም ይችላል፤ ምስጋናው ግን ለገንዳው ይሆናል። በ1783 ተከታዮቹ አንድ ማኅበር አቋቁመው፣ ምስጢሩን ለመማር ከእያንዳንዱ አባል 100 የወርቅ ሉዊ ይሰበስቡ ጀመር።

የ1784 አጣሪ ኮሚሽን

በ1784 ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚሽን ሾመ። ከአባላቱ መካከል የአሜሪካ መልእክተኛ የነበረው ቤንጃሚን ፍራንክሊን፣ የኬሚስትሪ ሊቁ አንትዋን ላቮዋዚዬ፣ የከዋክብት ተመራማሪው ዣን ሲልቫን ባዪና ሐኪሙ ጆሴፍ ኢኛስ ጊዮተን ይገኙበታል። ሜስመር ለመተባበር ፈቃደኛ ስላልሆነ ምርመራው የተካሄደው በዴስሎን ሕክምና ላይ ነው።

ኮሚሽኑ ዳኑ የተባሉትን ሰዎች ከመቁጠር ተቆጠበ፤ ብዙ በሽታ ያለ መድኃኒትም ስለሚለቅ ቁጥሩ ብቻውን አያስረዳም። ስለዚህ ጥያቄውን አጠበበው፦ ፈሳሹ አለ ወይስ የለም? ለዚህም ሁለት ነገሮችን ለየ። የመጀመሪያው ሕመምተኛው ሳያውቅ ማግኔታዊ ኃይል ሲላክበት የሚሆነው ነው፤ ሁለተኛው ምንም ሳይላክበት ተልኮብኛል ብሎ ሲያምን የሚሆነው ነው።

በፓሲ በነበረው በፍራንክሊን ቤት የአትክልት ስፍራ ዴስሎን አንድ የአፕሪኮት ዛፍ ኃይል እንዲኖረው አደረገ። ከዚያም ዴስሎን ራሱ የመረጠው የ12 ዓመት ልጅ ዓይኑ ተሸፍኖ ሌሎች ዛፎችን እንዲያቅፍ ተደረገ። ልጁ ኃይሉ እየጨመረ እንደተሰማው ይናገር ነበር፤ አራተኛው ዛፍ ሲደርስም ራሱን ሳተ። ይሁንና ካቀፋቸው ዛፎች አንዱም እውነተኛው ዛፍ አልነበረም። በሌላ ጊዜ አንዲት ሴት በላቮዋዚዬ ቤት ተራ ውኃ በስኒ በስኒ ሲቀርብላት በአራተኛው ስኒ ተንቀጠቀጠች። ስትረጋጋ የጠጣችው ስኒ ግን ዴስሎን ኃይል ያሳደረበት ነበር፤ አንዳች አልተሰማትም።

ኮሚሽኑ በኦገስት 1784 ባቀረበው ዘገባ ፈሳሹ ለመኖሩ ማስረጃ እንደሌለ፣ የታየው ሁሉ ከሐሳብ ኃይል፣ ከመዳሰስና ሌላውን ከመከተል የመጣ መሆኑን ገለጸ። መርማሪዎቹ ሕመምተኞቹን አስመሳዮች አላሏቸውም፤ መንቀጥቀጡ እውነት ነበር፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነበር።

የመጨረሻ ዘመኑ

ሜስመር የተፈተነው የዴስሎን እንጂ የእኔ ዘዴ አይደለም ብሎ ተከራከረ፤ ይሁንና ዝናው እየቀነሰ ሄዶ ፓሪስን ለቀቀ። ከረጅም ጉዞና ከስዊዘርላንድ ኑሮ በኋላ፣ በተወለደበት ሐይቅ ዳር በሜርስቡርግ ከተማ በ80 ዓመቱ አረፈ። በትምህርቱ እውነትነት ሳይጠራጠር እንደሞተ ይነገራል። ከመርማሪዎቹ ባዪ በ1793፣ ላቮዋዚዬ በ1794 በፈረንሳይ አብዮት አንገታቸው ተቆርጦ ሞተዋል፤ መቁረጫው መሣሪያም የተሰየመው በባልደረባቸው በጊዮተን ስም ነው።

ውርስ

የሜስመር ተከታይ የነበረው ማርኪ ደ ፒዩዜጊር ሰዎች እንቅልፍ በሚመስል ሁኔታ ውስጥ ሲገቡ አየ። በ1840ዎቹ የስኮትላንዱ ሐኪም ጄምስ ብሬድ ይህን ያለ ፈሳሽ አስተሳሰብ አጥንቶ ሂፕኖቲዝም የሚለውን ስም ሰጠው። በእንግሊዝኛም «ሜስመራይዝ» የሚለው ግሥ፣ አፍዝዞ መያዝ ማለት፣ ከስሙ የወጣ ነው።

የኮሚሽኑ ዘዴም ተከታይ አግኝቷል። በ1799 ጆን ሄይጋርት በእንግሊዝ አገር ሕመም ይስባሉ ተብለው በውድ ዋጋ ይሸጡ የነበሩትን የብረት ዘንጎች፣ ብረት በሚመስሉ የእንጨት ዘንጎች ተክቶ ሞከረ፤ ሕመምተኞቹም በእንጨቱ ተሻለን አሉ። ዛሬ አዲስ መድኃኒት ከመፈቀዱ በፊት ብዙውን ጊዜ ከፕላሴቦ፣ ማለትም መድኃኒት ከሚመስል ባዶ ነገር ጋር ይነጻጸራል፤ ማን የትኛውን እንደወሰደ ሕመምተኛውም ሐኪሙም እንዳያውቁ ይደረጋል። ኃይል ያስተካክላል ተብሎ ለሚሸጥ አምባርም ሆነ ሰውነት ያጸዳል ለሚባል መጠጥ፣ የፓሲው ጥያቄ እንዳለ ይሠራል፦ ተጠቃሚው የትኛው እውነተኛው እንደሆነ ባያውቅ፣ ልዩነቱ ይሰማው ነበር?